የድምፅ አውታር እንቅስቃሴ መዛባት፦ አስም የሚመስል፣ ግን አስም ያልሆነ የትንፋሽ ችግር

የትንፋሽ እጥረት ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው አስምን ነው፤ በብዙ ሁኔታም ግምቱ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ የአስም መድኃኒት በአግባቡ እየተወሰደ የማይሻል፣ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚለቅ፣ ሕመምተኛው ደረቱን ሳይሆን አንገቱን ይዞ «አየሩ ከዚህ አላልፍ አለኝ» የሚልበት የትንፋሽ ችግርም አለ። የዚህ ችግር መነሻ ሳንባ አይደለም፤ በማንቁርት ውስጥ የሚገኙት የድምፅ አውታሮች መከፈት በሚገባቸው ጊዜ መዘጋታቸው ነው። በሕክምናው ዘርፍ የድምፅ አውታር እንቅስቃሴ መዛባት ይባላል።

ሕመሙ እጅግ የሚያስደነግጥ ቢሆንም በራሱ ለሕይወት አስጊ የሚሆነው ከስንት አንድ ነው። ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው ሳይታወቅ በመቆየቱ ነው። ታካሚው ለሌለበት ወይም ከፊሉን ብቻ ለሚያስረዳ ሕመም ለዓመታት ጠንካራ መድኃኒት ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ባለመሥራቱም መጠኑ ይጨመርለታል። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከአስም በምን እንደሚለይ፣ ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ ምን መናገር እንደሚጠቅምና ሕክምናው ምን እንደሚመስል ያብራራል።

የችግሩ ምንነት

የድምፅ አውታሮች በአየር ቧንቧ መግቢያ ላይ በግራና በቀኝ የሚገኙ ሁለት ተንቀሳቃሽ እጥፋቶች ናቸው። ሰው ሲናገር ተቀራርበው በመርገብገብ ድምፅ ይፈጥራሉ፤ ሲውጥ ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይዘጋሉ፤ ሲተነፍስ ደግሞ ተከፍተው አየር ያሳልፋሉ። ጤናማ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ አውታሮቹ ወደ ጎንና ጎን ይሸሻሉ፤ አየር ሲያስወጣ በመጠኑ ይጠጋጋሉ።

ችግሩ ባለበት ሰው ይህ ሥርዓት በጥቃቱ ወቅት ይገለበጣል። አየር ለመሳብ ሲሞከር አውታሮቹ ከመሸሽ ይልቅ ይገጥማሉ፤ የሚቀረው ከኋላ በኩል ያለች ትንሽ ክፍተት ብቻ ናት። አየር በዚያች ክፍተት ሲያልፍ የማፏጨት ወይም የመጮህ ድምፅ ያሰማል። ሕመምተኛው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ አየሩን በኃይል ለመሳብ ይታገላል፤ በኃይል በተሳበ ቁጥር መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል። ትግሉ ራሱ ጥቃቱን ያራዝመዋል፤ ሕክምናውም በዋናነት የተመሠረተው ይህን አዙሪት በመስበር ላይ ነው።

አውታሮቹ ቁስል ወይም ዕጢ የለባቸውም፣ ሽባም አልሆኑም። ከጥቃቱ ውጭ ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ፍጹም ጤናማ ናቸው። የተዛባው እንቅስቃሴያቸው ነው። ማንቁርት የሳንባ ዘበኛ እንደመሆኑ ጭስ፣ አሲድ ወይም ባዕድ ነገር ሲነካው ወዲያውኑ የመዝጋት ተፈጥሯዊ ልማድ አለው፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ ግን ዘበኛው ከሚገባው በላይ ንቁ ሆኖ ለትንሽ ምክንያት በሩን ይዘጋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ሁኔታውን ሲያዩ የሴቶች የነርቭ ሕመም አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው አመለካከት ዛሬም ታካሚዎችን ይጎዳል። ሕመምተኛው አያስመስልም፤ አውታሮቹ መዘጋታቸው በመሣሪያ የሚታይ እውነት ነው፤ የሚዘጉትም በፈቃዱ አይደለም። ጭንቀት ጥቃቱን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሳይጨነቁ ሩጫ ወይም ጭስ ብቻ የሚቀሰቅስባቸው ብዙዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት «ተቀስቃሽ የማንቁርት መጥበብ» የሚል ትርጉም ያለው አዲስ ስያሜ መጠቀም የጀመሩት በከፊል ይህን ለማረም ነው። በሕክምና ወረቀት ላይ ሁለቱም ስሞች ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

ከአስም ጋር የሚምታታው ለምንድን ነው

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በሚገኝ የመተንፈሻ አካላት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች፣ በከባድ አስም ስም ሲታከሙ የቆዩ አምስት ሰዎችን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። አምስቱም በአስም መድኃኒት አልተሻላቸውም ነበር። በጥቃቱ ወቅት ማንቁርታቸው በመሣሪያ ሲታይ የድምፅ አውታሮቻቸው ተዘግተው ተገኙ፤ የንግግር ሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍ ሲሰጣቸውም ለውጥ ታየባቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከዚያው ሆስፒታል የወጣ ሌላ ጥናት ችግሩ የተረጋገጠባቸውን 95 ታካሚዎች መርምሮ 53ቱ አስምም እንዳለባቸው አሳየ። አስም ያልነበረባቸው 42ቱ በአማካይ ለ4.8 ዓመታት በአስም ስም ሲታከሙ ቆይተዋል፤ ከመካከላቸው ከሩብ በላይ የሚሆኑት በጉሯቸው የመተንፈሻ ቱቦ እስከማስገባት ተደርሶ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ችግሩ ሠለጠነ በሚባል የሕክምና ተቋምም ቢሆን በቀላሉ እንደሚያመልጥ ነው። ሁለተኛው፣ ለታካሚው ይበልጥ አስፈላጊ የሆነው፣ አንድ ሰው ሁለቱም ሕመሞች በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት እንደሚችሉ ነው። ስለዚህ «የድምፅ አውታር ችግር አለብህ» የተባለ ሰው «እንግዲያው አስም የለብኝም» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ማቆም የለበትም።

ያም ሆኖ ሁለቱን የሚለዩ ምልክቶች አሉ። የአስም ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚቸገረው አየር ለማስወጣት ሲሆን፣ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ከደረት ይሰማል። በድምፅ አውታር መዛባት የሚቸገረው አየር ለማስገባት ነው፤ ድምፁም ከአንገት ይወጣል። አስም ቀስ በቀስ ይጀምራል፤ ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። የድምፅ አውታር ጥቃት በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፤ ብዙውን ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው አልፎ አልፎ ነው። በጥቃቱ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ድምፅ ሊሻክር ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ደረቅ ሳልና ጉሮሮ ላይ የሆነ ነገር እንደተቀረቀረ ያለ ስሜትም የተለመደ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥርጣሬ የሚያጭረው የመድኃኒቱ ነገር ነው። ፓፍ እየተባለ የሚጠራው በአፍ የሚሳብ ሳልቡታሞል የሚሠራው በሳንባ ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በማስፋት ነው፤ የድምፅ አውታሮችን አይከፍትም። ስለዚህ በትክክል ተስቦም የማይረዳ ከሆነ ምክንያቱ መፈተሽ አለበት። «በትክክል» የሚለው ቃል ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ፓፉን አስቀድሞ አለመነቅነቅ፣ ከመሳቡ በፊት መጫን ወይም የተሳበውን ለጥቂት ሰከንድ አለመያዝ በራሱ መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል። አወሳሰዱን በጤና ባለሙያ ፊት አሳይቶ ማረጋገጥ ምንም ወጪ የሌለው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ሳልቡታሞል ሲደጋገም የልብ ምት ያፈጥናል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ጥቃት ላይ ያለ ሰው ይህን ሕመሙ የባሰበት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ጥቃቱን የሚቀሰቅሱ ነገሮች

ችግሩ በማንኛውም ዕድሜና ጾታ ላይ ሊደርስ ቢችልም በሴቶችና በወጣት ስፖርተኞች ላይ በብዛት ይታያል። ቀስቃሾቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ አንድ ሰው የራሱን ለይቶ ማወቁ የሕክምናው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።

በቤት ውስጥ ቀዳሚው ቀስቃሽ ጭስ ነው። በማገዶና በኩበት ምግብ በሚበስልበት፣ መስኮትና ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ማንቁርቱ ዘወትር እንደተቆጣ ይኖራል። የበርበሬ መቆላት ጤናማውን ሰው እንኳ የሚያስለው በመሆኑ፣ ችግሩ ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት ከቤት ወጣ ብሎ ቢቆይ ይመረጣል። ዕጣንና ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሲጋራና ሺሻ፣ ጠንካራ ሽቶ፣ የቀለምና የነዳጅ ሽታ፣ የመንገድ አቧራ እንዲሁ ይጠቀሳሉ። በረኪና ለብቻው የሚያስቸግር ሆኖ ሳለ ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ የድምፅ አውታር ችግር ለሌለበትም ሰው አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ብዙም የማይታሰበው ቀስቃሽ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ነው። አሲዱ እስከ ማንቁርት ሲደርስ አውታሮቹን ያስቆጣል። ቃር የማይሰማቸው ሰዎችም ይህ ሊደርስባቸው ይችላል፤ ጠዋት ጠዋት የሚሻክር ድምፅ፣ ጉሮሮን ደጋግሞ የመጥረግ ፍላጎትና አፍ ውስጥ የሚሰማ መራራ ጣዕም ምልክቶቹ ናቸው። ራት በልቶ ወዲያው መተኛት፣ ጾም ሲፈታ በአንድ ጊዜ ብዙ መመገብ፣ ቡናና አልኮል ማብዛት ሁኔታውን ያባብሱታል። ከመኝታ በፊት ሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መመገብና የአልጋን የራስጌ በኩል ከፍ ማድረግ ቀላል ግን የሚረዱ እርምጃዎች ናቸው። ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ፈሳሽ፣ አለርጂና ሳይነስም በተመሳሳይ መንገድ ጉሮሮን ያስቆጣሉ።

ጉንፋን፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ለረጅም ሰዓት ጮኽ ብሎ መናገር፣ ከፍ ያለ ሳቅ፣ ድንገተኛ ንዴትና ሐዘንም ጥቃት ሊያስነሱ ይችላሉ። በለቅሶ ቤት ትንፋሽ አጥሮት የወደቀ ሰው ሁሉ የድምፅ አውታር ችግር አለበት ማለት ግን አይደለም።

በሩጫና በሌላ የአካል እንቅስቃሴ ጊዜ

በስፖርተኞች ላይ የሚታየው ዓይነት በሰዓቱ ይለያል። በእንቅስቃሴ የሚነሳ አስም አብዛኛውን ጊዜ የሚባባሰው ልምምዱ ካበቃ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። የድምፅ አውታር መዛባት ግን የሚመጣው እንቅስቃሴው ጣሪያ ላይ በደረሰበት ቅጽበት፣ ለምሳሌ በመጨረሻው ዙር ፍጥነት ሲጨመር ነው፤ ሯጩ ሲቆምም አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይለቃል። አሠልጣኞች ይህን ልዩነት ማወቃቸው ይጠቅማል። በልምምድ ጥሩ ሰዓት እያስመዘገበ ውድድር ላይ ጉሮሮው እየጮኸ የሚያቋርጥ ወጣት ብዙ ጊዜ ጽናት የለውም ተብሎ ይተዋል፤ ሊመረመር ሲገባው ከቡድን የሚቀነስም አለ። እንዲህ ያለ ወጣት ስፖርቱን እንዲያቆም መንገር ትክክለኛ ምክር አይደለም፤ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። በቂ ማሟሟቂያ ማድረግ፣ በብርዳማ ጠዋት አፍንጫንና አፍን በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ ትከሻንና አንገትን ሳያጠብቁ መሮጥና ከታች የተገለጸውን የአተነፋፈስ ዘዴ ከልምምዱ ጋር ማዋሐድ ይረዳል። በሩጫ መካከል ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ይመረመራል።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ

የመጀመሪያው መሄጃ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የሪፈራል ቅብብሎሹን ጠብቀው ከሄዱ ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል ያለው አገልግሎት ይሸፈንላቸዋል፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋል። በጤና ጣቢያው የሚደረገው ምርመራ የድምፅ አውታርን የሚያሳይ ባይሆንም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች፣ የደም ማነስና የልብ ሕመም ትንፋሽ ያሳጥራሉና በቅድሚያ መለየት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ጥቃቱ አልፎ የመጣ ሰው ሲመረመር ምንም ላይገኝበት ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ይዞት የሚሄደው መረጃ ከመሣሪያ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ጥቃቱ ሲነሳ አብሮት ያለ ሰው በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽለት፣ ድምፁ አየር ሲገባ ይሁን ሲወጣ የሚሰማው ሐኪሙ በራሱ ጆሮ ይለያል። ቪዲዮው አንገትንና ደረትን ቢያሳይ መልካም ነው፤ ቀረጻው ግን ርዳታ ከመስጠት ማዘግየት የለበትም። ጥቃቱ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ምን እየተሠራ እንደተነሳ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ፓፍ ተወስዶ እንደሆነና ምን ለውጥ እንዳመጣ በወረቀት መዝግቦ ማቅረብም እንዲሁ። እስካሁን የተወሰዱ መድኃኒቶችን ከነካርቶናቸው ይዞ መሄድ ከስም ማስታወስ ይሻላል። ታካሚው «ችግሩ ከጉሮሮዬ ይሆን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄው ሐኪምን መዳፈር ተደርጎ መታየት የለበትም።

በሆስፒታል ደረጃ ስፓይሮሜትሪ የተባለ የትንፋሽ መለኪያ ይሠራል። ታካሚው በቱቦ ውስጥ በኃይል ይተነፍሳል፤ መሣሪያው የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በመስመር ይስላል። አየር የሚገባበትን የሚያሳየው የመስመሩ ክፍል ጠፍጥፎ ከታየ መጥበቡ ከሳንባ በላይ መሆኑን ይጠቁማል፤ በተለመደው አሠራር ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው የሚወጣው አየር ብቻ ስለሆነ ጥርጣሬው በሪፈር ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል። መለኪያው ደህና ሆኖ መገኘቱም ችግሩ የለም ማለት አይደለም።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሚሰጠው የአንገት በላይ ሐኪም ነው። በአፍንጫ በኩል እንደ ክር የቀጠነና የሚተጣጠፍ ካሜራ ገብቶ ማንቁርት ይታያል፤ አፍንጫ አስቀድሞ ስለሚደነዝዝ ምርመራው ቢያስጨንቅም ከባድ ሕመም የለውም፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ጥቃቱ በዚያ ሰዓት ከሌለ ሐኪሙ በፍጥነት በማስተንፈስ ወይም በአካል እንቅስቃሴ ሊያስነሳው ይሞክራል። ይህ ምርመራ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስን የመሳሰሉ የአንገት በላይ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ተጠቃሽ ናቸው።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በድምፅ አውታር ጥቃት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ቁጥር ያሳያል። ሕመምተኛው የታነቀ እየመሰለው ቁጥሩ ደህና መሆኑ ምርመራውን ወደ ጉሮሮ ይመራል። ቁጥሩ ከወረደ ግን ሌላ ሕመም አለ ተብሎ መታሰብ አለበት። በደጋ አካባቢ የጤናማ ሰው ቁጥርም ከቆላው ዝቅ ስለሚል ውጤቱን መተርጎም ያለበት ባለሙያ ነው።

ሕክምናው

ዋናው ሕክምና የአተነፋፈስ ልምምድ ነው። በተሻለ ሁኔታ የሚሰጠው በንግግር ሕክምና ባለሙያ ቢሆንም፣ በአገራችን እነዚህ ባለሙያዎች ጥቂት በመሆናቸው የአንገት በላይ ሐኪሞች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና ነርሶችም መሠረቱን ሊያስተምሩ ይችላሉ። ልምምዱ ቀላል ይመስላል፤ በእርግጥም ቀላል ነው። ችግሩ በጭንቅ ሰዓት የተማሩት ነገር አለመታወሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ በደህናው ጊዜ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ እየተደጋገመ እጅ እንደሚያውቀው ሥራ እስኪሆን ድረስ መለማመድ ያስፈልጋል።

ጥቃቱ ሲጀምር ሕመምተኛው ይቀመጣል ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በጉልበቶቹ ላይ ይደገፋል። ትከሻውን ወደ ታች ይለቃል፤ መንጋጋውን ያላላል፤ ምላሱን ከታችኛው ጥርስ ኋላ ያሳርፋል። ከዚያም አየሩን በአፉ በኃይል ከመሳብ ይልቅ፣ ጤና አዳም እንደሚያሸት ሰው፣ በአፍንጫው ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ስቦች ይስባል። ማሽተት አውታሮቹን በተፈጥሮ ይከፍታቸዋል፤ የዘዴው ምስጢር ይህ ነው። ቀጥሎ ከንፈሩን አጥብቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሆኖ፣ ወይም «ስስስ» ወይም «ፍፍፍ» የሚል ድምፅ እያሰማ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ማስወጣቱ ከመሳቡ የረዘመ መሆን አለበት። በሚስብበት ጊዜ ከደረቱ ይልቅ ሆዱ እንዲነፋ ያደርጋል፤ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ ይህን ለመከታተል ያግዛል። መተላለፊያው እስኪለቅ ይህንኑ ይደጋግማል።

በአጠገቡ ያለ ሰው ሚናም ቀላል አይደለም። ዙሪያውን መክበብ፣ ማራገብ፣ ውኃ በግድ ማጠጣት ወይም ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይረዳም፤ ክብሪቱ እንዲያውም ያባብሳል። አንድ ሰው ብቻ ከፊቱ ተቀምጦ፣ በዝግታ ድምፅ «በአፍንጫህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ ንፋ» እያለ ከእርሱ ጋር ቢተነፍስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከልምምዱ ጎን ለጎን ቀስቃሹ ይታከማል። የጨጓራ አሲድ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ የአፍንጫ አለርጂ ከሆነ ለእርሱ የሚሆን ይሰጣል፤ ጭንቀት ወይም ያልታከመ የመንፈስ ጭንቀት ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምክር ይታከላል። ጭስ መውጫ ማበጀት ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም ለሳንባም ለማንቁርትም የሚጠቅም ነው። በእነዚህ ሁሉ ለማይሻላቸው ጥቂት ሰዎች በማንቁርት ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌን የመሰለ አማራጭ በሌሎች አገሮች ይሞከራል።

እንጥል ማስቆረጥ ለዚህም ሆነ ለሌላ የጉሮሮ ችግር መፍትሔ አይደለም። እንጥል የሚገኘው በአፍ ውስጥ ከላንቃ ጫፍ ሲሆን የድምፅ አውታሮች ከእርሱ በታች፣ በዓይን በማይታይ ስፍራ ናቸው፤ መቆረጡ በጥቃቱ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ሞት ግን አስከትሏል። ድንገት ትንፋሽ አጥሮት የሚወድቅን ሰው ቡዳ በላው ወይም መንፈስ ያዘው ብሎ በጭስ ማጠንም፣ ጭሱ ራሱ ቀስቃሽ ስለሆነ፣ ጥቃቱን ያከብደዋል። ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች ምርመራቸውንና ልምምዳቸውን ሳያቋርጡ መቀጠል ይችላሉ።

የቆየ የአስም መድኃኒትን ስለመቀነስ

ለዓመታት በአስም ስም ሲታከሙ የቆዩ ሰዎች አብዛኞቹ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን እንክብል ያውቁታል። መድኃኒቱ ለእውነተኛ የአስም ጥቃት ሕይወት አዳኝ ነው። ያለበቂ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ፊትና ሰውነት ያሳብጣል፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል፤ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ እንዲያገረሽም መንገድ ይከፍታል። ይህንና ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን በድንገት ማቆምም ሌላ አደጋ አለው። እንክብሉ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨት ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ቢቋረጥ ከባድ ድካም፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ደረጃ በደረጃ ነው። በአፍ የሚሳቡ የአስም መከላከያ መድኃኒቶችም እንዲሁ አስም እንደሌለ በምርመራ ሳይረጋገጥ አይተዉም። እነዚህን የሚስቡ ሰዎች ከወሰዱ በኋላ አፋቸውን በውኃ ቢጉመጠመጡ የድምፅ መሻከርንና የጉሮሮ መቆጣትን ይቀንሳል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከላይ የተገለጸው የአተነፋፈስ ዘዴ ምርመራው አልቆ ችግሩ ለተረጋገጠለት ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የትንፋሽ መዘጋት ያጋጠመው ሰው በቤት ውስጥ እየተለማመደ መቆየት የለበትም። በተለይ ከንፈር ወይም ምላስ ከጠቆረ፣ ሕመምተኛው ከደከመ ወይም ከተደናገረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፤ ምግብ፣ መርፌ ወይም የንብ ንድፊያን ተከትሎ ፊቱ ካበጠና ሰውነቱ ሽፍ ካለ፤ ሕፃን ልጅ ትኩሳት ኖሮት ለሀጩን መዋጥ ካቃተው ወይም ሲጫወት የነበረው ነገር ጉሮሮው ውስጥ ገብቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ወዲያውኑ ወደሚቀርበው ጤና ተቋም መድረስ አለበት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

እንቅርት ወጥቶላቸው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ድምፃቸው የተለወጠና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች የድምፅ አውታር ነርቭ ጉዳት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ይህ ከእንቅስቃሴ መዛባት የተለየና ሌላ ሕክምና የሚሻ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን ለሠራው ሐኪም ሊነገር ይገባል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር፣ በተለይ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ፣ ከክብደት መቀነስ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ደም ከመትፋት ጋር ከታየ በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት።